አምባሰልን ማን ይቃኘው? (ስለ ምዕራባውያን የሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክና ስለ ክራራችን)

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ልምምድ በሚደረግበት አንድ ማታ ክርክር ተነሣ። ከሐይቅ ከተማ አካባቢ የመጣ ጓደኛችን ክራሩን ይዞ ቀርቦ ነበር። ኦርጋን የሚጫወተው ጓደኛችን ደግሞ «አምባሰል» የሚባለውን ቅኝት አንድ ሁለት ጊዜ ካሰማ በኋላ፣ «ክራርህ ልክ አይደለም፤ ከኦርጋኑ ጋር አስተካክለው» አለው። ባለ ክራሩ አውታሩን ቢያጠብቀውም ቢያላላውም ልቡ አልረካም። በመጨረሻ «እንዳላችሁት አድርጌአለሁ፤ ነገር ግን ይኸ አምባሰል ሳይሆን የአምባሰል ጎረቤት ነው» ብሎ ክራሩን አስቀመጠ። ሁላችንም ሳቅን። በማግሥቱ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አለመሆኑ ገባን። «ኦርጋኑ በምን ምክንያት ትክክል ሆነ? ክራሩስ በምን ምክንያት ተሳሳተ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ ከመካከላችን መልስ የሚሰጥ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ካነበብነውና በመሣሪያዎቹም ላይ ከሞከርነው ነው። መልሱን ለማግኘት ረዘም ያለ ጉዞ ማድረግ አስፈልጎናል፤ የምዕራባውያን የሙዚቃ መሣሪያዎች ከየት ተነሥተው የት እንደ ደረሱ ሳያውቁ ኦርጋኑን መሞገት አይቻልምና።

አምባሰል ምንድን ነው?

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሐይቅ ከተማ ይገኛል። ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜን ያለው አገር አምባሰል ነው፤ የወረዳው ዋና ከተማም ውጫሌ ነው። የጥንት ገዥዎቹ «ጃንጥራር» በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር። ይህ አገር ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ስሙን ሰጥቶአል። የታወቁት አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም መጠራታቸውን አንባቢ ልብ ይበል። በእኛ ዘመንም የወሎዋ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ በተለይ በአምባሰል ዜማዋ ትታወቃለች።

ቅኝት ማለት አንድ ዜማ የሚመላለስባቸው ድምፆች እርስ በርሳቸው በምን ያህል ርቀት እንደሚቀመጡ የሚወስን ሥርዓት ነው። የአራቱም ቅኝቶች ድምፆች አምስት አምስት ናቸው። ፒያኖ ወይም ኦርጋን የሚያገኝ አንባቢ ይህን በገዛ እጁ ሊሞክረው ይችላል። በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ ያለውን ርቀት «አንድ እርምጃ» እንበለው። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብለን ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ብንመታ አምባሰል ይወጣል። ርቀቶቹም 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 እርምጃ ናቸው፤ ሲደመሩ 12 ይሆኑና ወደ ላይኛው ሚ ይመልሱናል። እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ከላ ጀምረን ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብንላቸው ደግሞ ማይነር የሚባለውን ትዝታ እንሰማለን። ስለዚህ አምባሰልና ይህ ትዝታ ድምፃቸው አንድ ሲሆን የሚለያቸው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ባቲም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ተብሎ በነጭ ቁልፍ ብቻ ይወጣል። አንቺ ሆዬ ግን ያለ ጥቁር ቁልፍ አይገኝም።

እስከዚህ ድረስ ፒያኖው ጥሩ አስተማሪ ነው። ይሁን እንጂ የጓደኛችን ቅሬታ «ቁልፉ የቱ ነው?» የሚል አልነበረም። ቅሬታው «ቁልፉ ራሱ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ወይ?» የሚል ነበር።

ሁለት ወገን መሣሪያዎች

ብዙዎቻችን የሙዚቃ መሣሪያዎችን «የኛ»ና «የፈረንጅ» ብለን እንከፍላቸዋለን። ለያዝነው ጉዳይ ግን የሚበጀው አከፋፈል ሌላ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ድምፁን ተጫዋቹ በዚያችው ቅጽበት የሚወስነው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ድምፁ ቀደም ብሎ በሠሪው ወይም በቃኚው ተወስኖ የመጣ ነው።

ማሲንቆ ከመጀመሪያው ወገን ነው። አውታሩ አንድ የፈረስ ጭራ ሲሆን የተጫዋቹ ጣት አውታሩን በፈለገበት ቦታ ይነካዋል፤ ስለዚህ ማሲንቆ የማያወጣው ድምፅ የለም። ከፈረንጆቹ መካከል ቫዮሊንና ሲሳብ ሲገፋ የሚጮኸው ትሮምቦን እንደዚሁ ናቸው። ዋሽንት በመሠረቱ ከሁለተኛው ወገን ነው። አራቱ ቀዳዳዎች አንድ ጊዜ ከተበሱ ወዲያ አይዛወሩም፤ ከንፈርና ትንፋሽ ጥቂት ቢያሻሽሉትም እንኳ ዋሽንት ነፊ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸውን ብዙ ዋሽንቶች መያዙ ስለዚህ ነው። ፒያኖ፣ አኮርዲዮንና ኦርጋን ፈጽመው ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ክራር ግን በመካከል የቆመ ነው። ሲመቱት ድምፁ የተወሰነ ነው፤ ነገር ግን አውታሩ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው፣ ከአንዱም ዘፋኝ ጉሮሮ ወደ ሌላው ያዛውረዋል።

የምዕራባውያን መሣሪያዎች ታሪክ በአጭሩ ሲነገር ከመጀመሪያው ወገን ወደ ሁለተኛው የተደረገ ጉዞ ነው ማለት ይቻላል። እንመልከተው።

የአውሮፓ መሣሪያዎች ጉዞ

ክራር የሚመደብበት የመሣሪያ ቤተሰብ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ጥንታውያን አንዱ ነው። በዛሬዋ ኢራቅ በኡር ከተማ መቃብሮች ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ የነበሩ፣ ሁለት ክንድና ቀንበር ያላቸው እንደ ክራርና እንደ በገና ያሉ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ግሪኮችም ይህንኑ ዐይነት መሣሪያ ይመቱ ነበር። ዛሬ አውሮፓውያን በሙዚየምና በሥዕል ካልሆነ በቀር እምብዛም አያውቁትም፤ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ አገሮች ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሕይወት አለ። እንግዲህ ክራር የፒያኖ ታናሽ ሳይሆን የቤተሰቡ ሽማግሌ ነው።

በደጋን አውታርን ማስጮኽ ወደ አውሮፓ የገባው በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዘመን ገደማ ከእስላም አገሮች ነው። ረባብ የተባለው የዐረቦች መሣሪያ በአውሮፓ ረቤክ የሚባለውን ወለደ፤ ከረቤክና ከሌሎችም ዘመዶቹ በ16ኛው መቶ ዘመን በኢጣልያ ቫዮሊን ተገኘ። በክሬሞና ከተማ አንድሬአ አማቲ መልኩን አስያዘው፤ በዚያው ከተማ አንቶንዮ ስትራዲቫሪ (1644–1737 እ.ኤ.አ.) ወደ ፍጹምነት አደረሰው። ቫዮሊንና ማሲንቆ ሩቅ ዘመዳሞች መሆናቸውን የደጋናቸው ነገር ይመሰክራል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የፋብሪካና የሒሳብ ዘመን መጣ። ቀድሞ ጡሩንባ በአንድ ቱቦ ርዝመት ልክ የተፈጥሮ ድምፆችን ብቻ ያወጣ ነበር። በጀርመን አገር ሽቶልዝልና ብሉመል የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1818 እ.ኤ.አ. የቫልቭ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ጣት ሲጫነው ቫልቩ ትንፋሹን በተጨማሪ ቱቦ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ ጡሩንባ በዐሥራ ሁለቱም ድምፆች ለመዝፈን ቻለ። የሙኒኩ ቴዎባልድ በህም በ1832 እና በ1847 እ.ኤ.አ. የፍሉትን ቀዳዳዎች ጣት ከሚደርስበት ቦታ አንሥቶ የድምፅ ሒሳብ ከሚያዝበት ቦታ ላይ አደረጋቸው፤ ጣት የማይደርስበትንም በቁልፍ ዘጋው። የቤልጂጉ አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የሳክስፎንን መብት አስመዘገበ።

የቁልፍ መሣሪያዎች ታሪክ ከአፍሪካ ምድር መጀመሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ይሆናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ክቴሲቢዮስ ነፋሱ በውኃ ኃይል የሚገፋ ኦርጋን ሠራ። የአብያተ ክርስቲያናት ትልልቅ ኦርጋኖች የዚያ ዘሮች ናቸው። በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ በፍሎረንስ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ አውታሩን በመዶሻ የሚመታ መሣሪያ ሠራ፤ ጣት ሲለዝብ ድምፁ ይለዝባል፣ ጣት ሲጠነክር ይጠነክራል። ፒያኖ ያ ነው። ከዚያ ወዲህ የብረት አጥንት ገባለትና የዛሬው ፒያኖ 88 ቁልፎችና ከ200 በላይ አውታሮች ያሉት፣ የአውታሮቹም ስበት ሲደመር ወደ 20 ቶን የሚጠጋ መሣሪያ ሆነ።

ይህን አኃዝ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ስድስት አውታር ያለው ሰው ለየዘፈኑ ሊቃኝ ይችላል፤ ከ200 በላይ አውታር ያለው ግን አይችልም። ስለዚህ ፒያኖ አንድ ጊዜ ተቃኝቶ ለሁሉም ዘፈን፣ ለሁሉም መነሻ ድምፅ የሚሆን ቅኝት መፈለግ ነበረበት። ችግሩም ከዚህ ጀመረ።

ፒያኖ የከፈለው ዋጋ

አውታርን ከእኩሌታው ላይ ብንይዘው ላይኛው ወንድሙ ይሰማል፤ የድምፁ ንዝረት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ብናስጮኸው ደግሞ ንዝረቱ አንድ ተኩል እጅ ይሆንና ከዶ ወደ ሶል እንደመሄድ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል። የጥንት ግሪኮች ይህን የቁጥር ምሥጢር ያገኘ ፓይታጎራስ ነው ይላሉ።

አሁን በዚህ አንድ ተኩል እርምጃ 12 ጊዜ ወደ ላይ እንውጣ። ዐሥራ ሁለቱን ድምፆች ሁሉ ዞረን ከተነሣንበት ድምፅ ሰባተኛ ላይኛ ወንድም ላይ መድረስ ይገባን ነበር። ሒሳቡ ግን እንቢ ይላል። 1.5 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ 129.75 ገደማ ነው፤ 2 በራሱ 7 ጊዜ ሲባዛ ግን 128 ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ይህ ጉድለት የማንም ሠሪ ስሕተት ሳይሆን የተፈጥሮ ነው፤ ማንም የቁልፍ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ጉድለቱን አንድ ቦታ ላይ መደበቅ አለበት።

አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን ጉድለቱን በአንድ ማዕዘን ያከማቹት ነበር። ያን ጊዜ አብዛኞቹ ድምፆች ጥርት ብለው ሲሰሙ አንዱ ቦታ ግን ጆሮ የማይችለው ሆነ፤ እነርሱም ጩኸቱን በተኩላ መስለው «ተኩላ» ብለው ጠሩት። እኛ ብንሆን ጅብ ሳንለው አንቀርም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጠቃላይ ልማድ የሆነው ዘዴ ግን ጅቡን ቆራርጦ ለዐሥራ ሁለቱም ቤት እኩል ማከፋፈል ነው። እያንዳንዱ እርምጃ እኩል ሆነ። ማንም ከማንኛውም ድምፅ ተነሥቶ ሊጫወት ቻለ። በልዋጩም ከላይኛው ወንድም በቀር በፒያኖ ላይ በተፈጥሮ ልክ ፍጹም ጥርት ያለ አንድም ርቀት አልቀረም።

ብዙ ከተጎዱት ርቀቶች አንዱ የትኛው ነው? ባለ 4 እርምጃው ነው። በተፈጥሮ ልክ ይህ ርቀት የ5 ለ4 ንጽጽር ነው፤ ማለት 1.25። በፒያኖ ላይ ግን 1.26 ያህል ነው። ባለሙያዎች የፒያኖን አንድ እርምጃ 100 ሴንት ብለው ይከፍሉታል። በዚህ መስፈሪያ ጥርት ያለው ሰፊ ርቀት 386 ሴንት ሲሆን የፒያኖው 400 ነው።

አሁን ወደ አምባሰል እንመለስ። የአምባሰል ርቀቶች 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 እንደ ሆኑ ከላይ አይተናል። ከአምስቱ ርቀቶች ሁለቱ ይህ ሰፊ ርቀት ናቸው! አንድ ክራር መቺ በጆሮው ብቻ እየተመራ ድምፆቹን በተፈጥሮ ልክ ጥርት አድርጎ ቢቃኛቸው ርቀቶቹ 112፣ 386፣ 204፣ 112፣ 386 ሴንት ይሆናሉ። ፒያኖው ግን 100፣ 400፣ 200፣ 100፣ 400 ይላቸዋል። ሰፊው ይበልጥ ሰፋ፤ ጠባቡ ይበልጥ ጠበበ። ለመካከለኛ ርቀቶች የሚበዛበት ዜማ ቢሆን ልዩነቱ ብዙ ላይታወቅ ይችል ነበር። አምባሰል ግን ሕይወቱ በሰፊውና በጠባቡ መፈራረቅ ላይ የቆመ ነው። «የአምባሰል ጎረቤት ነው» ያለው ጓደኛችን እንግዲህ ቀልደኛ ብቻ ሳይሆን ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ነበር።

ነገር ግን ፍርዱ ቀላል እንዳይመስለን። ክራር መቺዎች ሁሉ በተፈጥሮ ልክ ይቃኛሉ ማለታችን አይደለም። የድምፅ ልኬት ያደረጉ አጥኚዎች ከአንዱ መቺ ወደ ሌላው የአቃኘት ልዩነት እንዳለ አሳይተዋል። አንዱ ጠባቡን ድምፅ ጥቂት ከፍ ያደርገዋል፤ ሌላው ዝቅ ያደርገዋል። ከክራሮች ሁሉ መካከል «እውነተኛው አምባሰል ይኸ ብቻ ነው» ብሎ ሌላውን የሚያወግዝ የለም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የቅኝቱ ሀብት እንደ ሰፊ መስክ ሲሆን መቺው እንደ ጆሮው፣ እንደ ዘፋኙ ድምፅና እንደ ዜማው በመስኩ ውስጥ ይመላለሳል። ኦርጋኑ ግን ከመስኩ አንዲት ነጥብ ይመርጥና አጥር ያጥርባታል።

መሣሪያዎቹ እንዴት ወደ እኛ መጡ?

የአውሮፓ የቁልፍ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱ በጽሑፍ የሚታወቀው ከረጅም ዘመን በፊት ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ለአፄ ልብነ ድንግል ካመጧቸው ገጸ በረከቶች መካከል የዓለም ካርታና ኦርጋን እንደ ነበረበት አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎአል። ይሁንና ያ መምጣት ፍሬ አላፈራም።

ሥር የሰደደው ሁለተኛው መምጣት ነው፤ መነሻውም እዚያው አምባሰል ምድር ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደምትችል ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ከዚህ ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ መጣ። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ላኩ። ሽቶልዝልና ብሉመል ቫልቩን ካስመዘገቡ 80 ዓመት ሳይሞላ ቫልቭ ያለው ጡሩንባ አዲስ አበባ ገባ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የነሐስ ሙዚቃ የሚነፉ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶችን አዩ፤ አርባዎቹም ወደ አዲስ አበባ መጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የቀድሞውን የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከጦርነቱ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ሙዚቀኞች ተደራጁ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) የራሱን ኦርኬስትራ አቋቋመ፤ በዚያም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ብዙ ደክመዋል።

ከዚህ ሁሉ ያገኘነው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ (1935–2016 እ.ኤ.አ.) ሽለላን በሳክስፎን ሲያሰማ ሳክስፎኑ ጎራዴ የታጠቀ መሰለ። ይህ የሆነው ግን በድንገት አይደለም፤ በሳክስፎን ላይ ቁልፉ የወሰነውን ድምፅ ከንፈር ትንሽ ዝቅና ከፍ ሊያደርገው ይችላል። መሣሪያው ለኢትዮጵያዊ ጉሮሮ በር ከፍቶ ነበርና ጌታቸው በዚያ በር ገባ። ሙላቱ አስታጥቄ የአምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አገናኘ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) በፒያኖ ብቻ የራሳቸውን ዓለም ፈጠሩ። አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ለፈረንጅ ኦርኬስትራ የእረኛን ዋሽንት መንፈስ የያዘ ድርሰት ደረሰ።

በሌላ በኩል ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፅ ተወልዶ የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በኋላም ተስፋዬ ለማ መሩት። በዚያ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ባንድነት ተሰለፉ። ይህ ነገር የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሆኑን እኛ ተማሪዎች ልንረሳው አይገባም።

ከውጫሌ የምንማረው

የውጫሌን ውል ያነሣነው ታሪክ ለማሳመር አይደለም። በዚያ ውል የደረሰው ነገር ምን ነበር? አንድ አሳብ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ ልዩነቱ ባንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ በአንዱ ቋንቋ «ይችላል» የሚለው በሌላው «አለበት» ሆነ። ክራሩ «ይህን ድምፅ ከዚህ እስከዚህ ልታደርገው ትችላለህ» ይላል፤ ኦርጋኑ «እዚህ ላይ ልታደርገው ይገባሃል» ይላል። ጠቡ እዚያም እዚህም ያው ነው።

አውሮፓውያን የቅኝታቸውን ጥርት ያለ ድምፅ አሳልፈው የሰጡት ተከራክረው፣ ሒሳቡን አስልተውና በምትኩ የሚያገኙትን ዐውቀው ነው። ያገኙትም ብዙ ነው፤ ከማንኛውም መነሻ ድምፅ መጫወትና ድምፅን በድምፅ ላይ መደራረብ። እኛ ግን መሣሪያውን ስንቀበል የዋጋውን ደረሰኝ አላየነውም። ደረሰኙን ሳናይ ክራራችንን «ልክ አይደለህም» ማለት ባለቤቱን በገዛ ቤቱ እንግዳ ማድረግ ነው።

በዛሬው ጊዜ ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። በየሠርጉና በየምሽት ቤቱ አንድ ኪቦርድ የባንድን ሥራ ይሠራል። በእጃችን ያለው ስልክ እንኳ ክራር ስንቃኝበት ከዐሥራ ሁለቱ የፒያኖ ድምፆች አንዱን ካልነካን ቀይ ያበራል። ቃኚው ሰው ቀዩን ባየ ቁጥር ጆሮውን ትቶ ስልኩን ያምናል። ማንም አዋጅ ሳያወጣ አንድ ትውልድ ብቻ ይበቃል።

ምን እናድርግ?

ኦርጋኑን እናባርር አንልም። ያን የሚል ሰው የጌታቸውን ሳክስፎንም አብሮ ማባረር አለበት። የምንለው ተራው ይጠበቅ ነው። አምባሰል በሚዘፈንበት ጊዜ መጀመሪያ ክራር መቺው ለዘፋኙ ጉሮሮ ይቃኝ፤ ማሲንቆ፣ ቫዮሊንና ትሮምቦን ይከተሉት፣ እነርሱ ይችላሉና። ሳክስፎኑ በከንፈሩ ይጠጋው። ኦርጋኑም ቢሆን አይጠፋበትም፤ አንዳንድ የዛሬ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ቁልፍ ድምፅ በጥቂት ሴንት ዝቅና ከፍ ማድረግ ይችላሉ። የዐረብ አገር ሙዚቀኞች ለማቃማቸው ይጠቀሙበታል። እኛ ለአምባሰላችን የማንጠቀምበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከዚህም የሚበልጥ ሥራ አለ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት አቋቁመው ነበር፤ በዚያው ዘመን የተጻፈው የወንጌል መጽሐፋቸው እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ቆይቶአል። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማም በ16ኛው መቶ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት ምልክት ተበጀለት። ስለዚህ ዜማን ለመጪው ትውልድ ማቆየት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የክራር አቃኘት ግን ብራናም ምልክትም የለውም፤ የሚኖረው በሽማግሌው ጆሮ ውስጥ ነው፤ ሽማግሌው ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

እንግዲህ ለክረምት ዕረፍት ወደ ወሎ የምትሄዱ ጓደኞቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በባቲም ቢሆን ክራር የሚመቱ አባት ወይም እናት ስታገኙ ፈቃዳቸውን ጠይቁና ዘፈኑን ከመቅዳታችሁ በፊት ባዶውን አውታር አንድ በአንድ ቅዱ። የቅኝቱን ስም እርሳቸው በሚጠሩበት ስም ጻፉ። በተመሳሳይ ቅኝት ሁለት ጊዜ፣ በልዩ ልዩ ቀን፣ እንዲቃኙላችሁ ለምኑ። በምንም ምክንያት ስልኩን አሳይታችሁ «ልክ አይደለም» እንዳትሏቸው። የሴንቱን ልኬት እዚህ ተመልሰን እንሠራዋለን፤ የፊዚክስ ተማሪዎች ለዚህ አይጠፉም።

ባለ ክራሩ ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦታል። «112ና 386 የምትሉትን አላውቅም፤ ግን በሚመጣው ልምምድ ኦርጋኑ እኔን ይጠብቀኝ» ብሎናል። ኦርጋን ተጫዋቹም የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ ሲያገላብጥ አይተነዋል። ምሽቱ ሲደርስ ኑና ፍረዱን።